212,480 ማይል የሄደ ሌክሰስ ኤልኤስ 430፦ ይሸጥ ወይስ ይያዝ? የሥራ ሂደት ማስታወሻ

መነሻ

መኪናው የ2004 ሞዴል ነው (እዚህ ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። የሚነዳው ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ ነው፤ በዓመት 7,000 ማይል ያህል ይሄዳል። ሞተሩ 3ዩዜድ-ኤፍኢ የሚባለው ባለ 4.3 ሊትር ቪ8፣ ካምቢዮው ባለ 6 ማርሽ አውቶማቲክ ነው። የቆመው በተራ ሞላ ነው። በሞላው ፋንታ የአየር ከረጢት ያለው ዓይነት ቢሆን ኖሮ ለዚህ ማስታወሻ ግማሽ ገጽ ይበቃው ነበር፤ በዚህ ዕድሜ የአራቱ ከረጢቶች ዋጋ ብቻ ክርክሩን ይዘጋዋል።

የታይሚንግ ቺንጋው (የቫልቮቹንና የፒስተኖቹን እንቅስቃሴ የሚያስማማው ቀበቶ) በ118,000 ማይል እንደተቀየረ የሚያሳይ ደረሰኝ አለ። ከዚያ ወዲህ ሌላ ወረቀት የለም። ፋብሪካው በየ90,000 ማይሉ ቀይሩ ስለሚል፣ ቀጠሮው 208,000 ላይ አልፏል። ጋራዥ ለዚህ ሥራ የጠየቀው 1,450 ዶላር ነው፤ አንድ የመኪና ነጋዴ ደግሞ መኪናውን እንዳለ በ1,900 እወስደዋለሁ ብሏል።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ «የጥገናው ወጪ የመኪናውን ዋጋ ሊያክል ነው» ብሎ ይሸጣል። ስሌቱ የሚሳሳተው ጥገናውን ከመኪናው ዋጋ ጋር ስለሚያነጻጽር ነው። መነጻጸር ያለበት ይህ ከተሸጠ በኋላ ከሚገዛው መኪና ጋር፣ በተመሳሳይ ጊዜ ውስጥ ነው። እዚህ የተያዘው ጊዜ 24 ወር ነው።

የምርመራው ቅደም ተከተል ደግሞ ገንዘብ በማይጠይቀው ይጀምርና ወደሚጠይቀው ይሄዳል፤ በየደረጃው መጀመሪያ የሚታየው መኪናውን ሊገድል የሚችለው ነገር ነው። ገዳዮቹ ሦስት ናቸው፦ የሞተሩ ውስጥ፣ ካምቢዮው እና ዝገት። ከሦስቱ አንዱ ከተገኘ ምርመራው እዚያው ይቆማል፣ መኪናው ይሸጣል። እስከዚያው ድረስ ረጅም መንገድ ክልክል ነው። በዚህ ሞተር ቺንጋው ቢበጠስ ቫልቮቹ ከፒስተኖቹ ጋር ይጋጫሉ፤ ያኔ የሚሸጠው ብረቱ ብቻ ነው።

212,480 ማይል፦ ቀዝቃዛ ሞተር፣ ባዶ እጅ

መኪናው ሌሊቱን ቆሞ አደረ። ጠዋት ከመነሳቱ በፊት የዘይት፣ የኩላንትና የፍሬን ዘይት መጠን ታየ። ዘይቱ ከላይኛው ምልክት በታች ጥቂት ወርዷል፤ ኩላንቱ መስመሩ ላይ ነው። የዘይት መሙያው ክዳን ከውስጥ በኩል ደረቅ ቡኒ ነው። ወተት የመሰለ ነጭ ቅባት ቢኖር ውሃ ገብቷል ማለት ነው፤ በብርድ ወራት አጭር አጭር መንገድ ብቻ የሚሄድ መኪና ላይ ግን ትንሽ ነጭ ነገር ቢታይ ወዲያው አያስደነግጥም።

ሞተሩ በመጀመሪያው ዙር ተነሳ። የጭስ ማውጫው ጋ ነጭ ጨርቅ ተይዞ ታየ፤ ሰማያዊ ጭስ የለም። ሞተሩ ሞቆ 10 ደቂቃ በቆመበት ከሠራ በኋላ ነዳጅ ሲረገጥ ሰማያዊ ጭስ ቦግ ካለ የቫልቭ ላስቲኮቹ ደክመዋል ማለት ነው፤ እዚህ አልታየም።

የ25 ዶላር ኦቢዲ ማንበቢያ (የመኪናው ኮምፒውተር የመዘገበውን ስህተት የሚያነብ) ተሰካ። ስህተት የለም፤ ግን «ስህተት የለም» ማለት ብቻውን ምንም አይነግርም። መታየት ያለበት የራስ ምርመራዎቹ መጠናቀቃቸው ነው። ትናንት ስህተቱ የተሰረዘለት መኪና «አልተጠናቀቀም» የሚሉ መስመሮች ይደረድራል። እዚህ ሁሉም ተጠናቅቀዋል። የረጅም ጊዜ የነዳጅ ማስተካከያው (ኮምፒውተሩ በራሱ የሚጨምረው ወይም የሚቀንሰው ነዳጅ) በአንዱ የሞተሩ በኩል +4፣ በሌላው +6 በመቶ ነው። ከ10 ቢያልፍ የአየር ሾልኮ መግባት ወይም የደከመ የአየር መለኪያ ይፈለግ ነበር።

ባትሪው በቆመበት 12.6 ቮልት፣ ሞተሩ ሲሠራ 14.1። ተቆልፎ ከተኛ ከአንድ ሰዓት በኋላ የሚስበው 35 ሚሊአምፕ ነው። 50 እስካልደረሰ ድረስ ይተው።

212,495 ማይል፦ ከሥር

መኪናው በክሪክ ተነስቶ በአራት የብረት መቆሚያ ላይ ተቀመጠ። በክሪክ ብቻ ተነስቶ ሥሩ አይገባም፤ መኪናው ወደ ሁለት ቶን ይመዝናል።

ቨርጂኒያ በበረዶው ወራት መንገድ ላይ ጨው ይበተናል። በካቻቢቴ ጀርባ የበር ሥር ብረቱ፣ የሞተር መያዣ ፍሬሙ እና የኋላ ሞላ መቀመጫዎች አንድ በአንድ ተንኳኩ። ድምፁ ጥርት ካለ ብረቱ ጤነኛ ነው፤ ደነዝ ካለ ወይም ቅርፊት ከረገፈ በልቶታል። የገጽ ዝገት አለ፣ ቀዳዳ የለም። የፍሬን ቧንቧዎቹ በፕላስቲክ መያዣዎቹ ሥር ሁሉ ታዩ፤ ውሃ የሚያቁረው እዚያ ስለሆነ የሚበሰብሱትም ከእነዚያ መያዣዎች ሥር ነው። ደህና ናቸው።

ዘይት የሚያንጠባጥብበት፦ የቫልቭ ክዳኖቹ የኋላ ጥግ፣ በሁለቱም በኩል። ጎማዎቹ ጥርሳቸው 5/32 ኢንች ቀርቷል፤ ለዓመታዊው የደህንነት ምርመራ የሚጠየቀው 2/32 ስለሆነ ያልፋሉ። ግድግዳቸው ላይ ያለው ባለ አራት አሃዝ ቁጥር ግን 3117 ነው፦ የ2017 31ኛ ሳምንት። ጎማው ጥርስ አለው፣ ጎሚኒው ግን አርጅቷል፤ ይቀየራል። የኋላ የፍሬን ሸራ 3 ሚሊሜትር። ዲስኮቹ ላይ የተቀረጸው ዝቅተኛ ውፍረት ተነበበ፤ አልደረሱም።

በፊት በኩል በሌቫ ሲነቀነቅ የታችኛው ብራቾ (ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዘው ክንድ) የኋላ ጎሚኒ በግራም በቀኝም ተቀድዷል። በ60 ማይል ፍጥነት ፍሬን ሲያዝ መሪው የሚንቀጠቀጠው ከዚህ ነው። ብዙ ባለቤት ይህን ንዝረት ሲያይ ዲስክ ያስቀይራል፤ ለሁለት ሳምንት ይሻለዋል፣ ከዚያ ይመለሳል።

212,510 ማይል፦ ኮምፕሬሽን (የሲሊንደሮቹ ግፊት)

ሞተሩ እስኪሞቅ ተነዳ። ስምንቱ ቦቢናዎች (ለካንዴላዎቹ ኤሌክትሪክ የሚሰጡት) ከመነቀላቸው በፊት በአየር ግፊት ዙሪያቸው ተነፋ፤ አለዚያ አሸዋው ወደ ሲሊንደር ይገባል። የነዳጅ ፓምፑ ፊውዝ ወጣ፣ ስምንቱም ካንዴላ ተፈታ፣ ነዳጅ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ተረገጠ፣ ሞተሪኖው ለእያንዳንዱ ሲሊንደር 6 ምት ያህል አዞረ።

ከ1 እስከ 8 በፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ)፦ 172፣ 170፣ 174፣ 171፣ 168፣ 172፣ 162፣ 170።

መታየት ያለበት ትልቁ ቁጥር ሳይሆን ልዩነቱ ነው። ከ142 በታች ከሌለና በሲሊንደሮች መካከል ያለው ልዩነት 14 ካላለፈ ሞተሩ ጤነኛ ነው። እዚህ ልዩነቱ 12 ነው፤ 7ኛው ዝቅ ብሏል። በካንዴላው ቀዳዳ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ገብቶ እንደገና ተለካ፦ 166። ዘይቱ ቁጥሩን በ20 ወይም በ30 ቢያዘልለው ኖሮ የፒስተን ቀለበቶቹ አልቀዋል ማለት ነበር። በ4 ብቻ ከፍ ማለቱ አያሳስብም፤ ግን ተመዝግቧል።

5ኛውና 7ኛው ካንዴላ ከዘይት ተነክረው ወጡ። ዘይቱ የመጣው ከሲሊንደሩ ሳይሆን ከላይ፣ የካንዴላው ጉድጓድ ዙሪያ ካለው ላስቲክ ነው፤ የካንዴላው ክር ከላይ እርጥብ፣ ጫፉ ደረቅ በመሆኑ ይታወቃል። ይህ ከቫልቭ ክዳን ጋስኬቱ ጋር አብሮ የሚቀየር ነው። ቢተው ዘይቱ የቦቢናውን ጎማ እያለዘበ አንድ ቀን ሞተሩ መንተባተብ ይጀምራል።

በራዲያተሩ አፍ ላይ የቃጠሎ ጋዝ መለያው ሰማያዊ ፈሳሽ ተሞከረ። ከቴስታታ (ከሲሊንደሮቹ ክዳን) ጋዝ ቢገባበት ቢጫ ይሆን ነበር፤ ሰማያዊ እንደሆነ ቀረ።

212,530 ማይል፦ ካምቢዮው

ይህ ካምቢዮ ከላይ መለኪያ ዘንግ የለውም። መጠኑ የሚታወቀው ከሥሩ ባለው የትርፍ ዘይት መውጫ ብሎን፣ ሞተሩ እየሠራና ዘይቱ መመሪያው በሚያዝዘው ሙቀት ላይ ሲሆን ነው። ሲሞቅ ስለሚነፋ፣ በቀዝቃዛው የተለካ ይበዛል፣ በጣም በጋለው የተለካ ይጎድላል። ለዚህ ነው «የካምቢዮው ዘይት ተቀይሮለት ተበላሸ» የሚባለው ወሬ ግማሹ ከመጠን ስህተት የሚመነጨው።

ማንኛውም ነገር ከመፍሰሱ በፊት የመሙያው ብሎን መጀመሪያ ይፈታል። የመሙያው ብሎን ዝጎ እምቢ ካለ፣ መኪናው ቢያንስ አሮጌ ዘይቱን እንደያዘ ይቆያል። ዘይቱን ቀድሞ አፍስሶ መሙያው እምቢ ያለው ሰው የሚጠብቀው የሚጎትተውን መኪና ነው።

የወጣው 3.1 ሊትር፣ ጥቁር ቡኒ፣ የተቃጠለ ሽታ የለውም። በነጭ ወረቀት ላይ ሲፈስ ብልጭ የሚል ቅንጣት የለም። ኮፓው (ከሥር ያለው የዘይት መያዣ) ወርዶ ማግኔቶቹ ታዩ፦ ጥፍር ላይ የሚቀር ግራጫ ዱቄት ብቻ። ዱቄት ያለ ነው። ፀጉር የመሰለ ወይም ጥርስ ያለው ስባሪ ቢገኝ ማስታወሻው እዚህ ያበቃ ነበር።

የገባው ደብሊውኤስ የተባለው የቶዮታ ዘይት ነው፣ የወጣውን ያህል። ካምቢዮው በአጠቃላይ ከ10 ሊትር በላይ ስለሚይዝ አንድ ጊዜ ማፍሰስ ሲሶውን እንኳ አይቀይርም። ከ500 ማይል በኋላ ይደገማል፤ ያኔ ግማሹ ያህል አዲስ ይሆናል። በማሽን ተገፍቶ ሁሉም በአንዴ እንዲቀየር የሚመክሩ ጋራዦች አሉ፤ ዘይቱ መቼ እንደተቀየረ ለማይታወቅ ካምቢዮ ቀስ እያሉ መሄድ ይሻላል።

ሦስቱም ገዳዮች አልተገኙም። አሁን ስሌት።

ሁለቱ ሂሳቦች

መጀመሪያ መሸጡ። ነጋዴው 1,900። ለግለሰብ፣ ቺንጋው ጊዜው እንዳለፈ በግልጽ ተነግሮት 4,200። ቺንጋው ተቀይሮ ቢሸጥ 4,700። ልብ በሉ፦ በጋራዥ 1,450 የሚፈጀው ሥራ ዋጋውን የሚጨምረው 500 ብቻ ነው። ስለዚህ የሚሸጥ መኪና ላይ ቺንጋ አይቀየርም፤ ደረሰኙ ይታያል፣ ቀሪው ለገዢው ይተዋል። ለመሸጥ የሚያዋጣው ወጪ ማጠብ፣ የተቃጠለ አምፖል መቀየርና የደህንነት ምርመራውን ማሳለፍ ነው። ገዢው ከሜሪላንድ የመጣ እንደሆነ መኪናውን በስሙ ለማዞር የሜሪላንድን ምርመራ ማሳለፍ አለበት፤ በብራቾው ሰበብ ዋጋ እንደሚቆርጥ ከወዲሁ ይታሰብ።

መኪናውን ጭኖ አገር ቤት የመላክ ሐሳብ በየጨዋታው ይነሳል። አይሠራም። የ2020ው የኤክሳይዝ አዋጅ ለአሮጌ መኪና በሩን አጥብቦት ነበር፤ ከ2024 ወዲህ ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የግል መኪና ማስገባት ቆሟል።

በ4,200 ላይ 8,800 ብድር ተጨምሮበት፣ 90,000 ማይል ገደማ የሄደ አነስተኛ መኪና በ13,000 ቢገዛ የ24 ወሩ ወጪ ይህን ይመስላል፦ የቨርጂኒያ የመኪና ሽያጭ ግብር 4.15 በመቶ፣ 540 ዶላር። የዋጋ መውረድ 3,000። ወለድ በ9 በመቶ 1,240። ባንኩ ሙሉ ኢንሹራንስ ስለሚያስገድድ ጭማሪው 1,200። ጥገናና ጎማ 900። ድምር 6,880።

ቀጥሎ መያዙ። የቺንጋ ሙሉ ኪት ከውሃ ፓምፕ፣ ከውጪ ቺንጋና ከኩላንት ጋር 345። ስምንት ካንዴላ 96። የቫልቭ ክዳን ጋስኬትና የጉድጓድ ላስቲኮች 90። የፊት የታችኛው ብራቾዎች 380፣ የጎማ ማስተካከያ 110። የካምቢዮ ዘይት 8 ኳርት 72። ጎማ 520። ራዲያተር 190። የኋላ ሸራ 45። የበር መቆለፊያ ሞተሮች 12። ድምር 1,860፤ በገዛ እጅ ሲሠራ።

በዚያ ላይ ላልታሰበ ወጪ በወር 50፣ ለ24 ወር 1,200። ይህኛው ገንዘብ እንደ ዕቁብ መታየት አለበት፦ በየወሩ ይጣላል፣ ዕጣው የሚወጣው ለመኪናው ነው፣ መቼ እንደሚወጣለት ደግሞ እሱ ራሱ ይወስናል። የዋጋ መውረድ 1,500።

ነዳጁ ተለይቶ ይታይ። ኤልኤስ 430 ፕሪሚየም ይጠጣል። በዚህ መኪና የተለካው በጋሎን 20 ማይል ነው፤ 7,000 ማይል 350 ጋሎን፣ ጋሎኑ በ4 ዶላር 1,400። 33 ማይል የሚሄድ አነስተኛ መኪና 212 ጋሎን ተራ ነዳጅ፣ በ3.20 ሲታሰብ 679። ልዩነቱ በዓመት 721፣ ለሁለት ዓመት 1,442።

የመያዝ ድምር 6,002። መያዝ በ880 ዶላር ገደማ ይበልጣል።

አሁን ሁለት ነገሮች ተቀይረው ይታዩ። ቺንጋው በገዛ እጅ ሳይሆን በጋራዥ ቢሠራ የመያዙ ሂሳብ 7,107 ይሆናል፤ መሸጥ በ227 ይበልጣል። መኪናው በዓመት 7,000 ሳይሆን 12,000 ማይል ቢሄድ ደግሞ የነዳጁ ልዩነት ወደ 2,470 ይወጣና የመያዙ ድምር 7,030 ይደርሳል፤ አሁንም መሸጥ ለጥቂት ይበልጣል። ስለዚህ «ሌክሰስ አይሞትም» የሚለው እዚህ ምንም አይወስንም። የሚወስኑት ሁለት ጥያቄዎች ናቸው፦ ቺንጋውን ማን ይቀይራል? በዓመትስ ስንት ማይል ይነዳል? ክሪክም መቆሚያም ሁለት ነጻ ቀንም የሌለው ሰው ይህን መኪና ቢሸጠው ይሻለዋል።

እዚህ መሣሪያውም ጊዜውም አለ። ይያዛል።

212,540 ማይል፦ ቺንጋው

ባትሪው ተፈታ፣ ኩላንቱ ወደ ንጹሕ ባልዲ ተለቀቀ። ራዲያተሩ የሚቀየር ስለሆነ መጀመሪያ እሱ ወጣ፤ ፊት ለፊቱ ባዶ ሲሆን ሥራው በግማሽ ይቀላል። የራዲያተሩ የላይኛው ፕላስቲክ ከጥቁር ወደ ቡኒ ተለውጦ፣ በጥፍር ሲጫን ቅርፊት ይነሳል። የካምቢዮው ዘይት የሚቀዘቅዘው በዚሁ ራዲያተር ውስጥ ነው፤ ውስጡ ቢሰነጠቅ ኩላንትና ዘይት ይቀላቀላሉ፣ ካምቢዮው በዚያው ያልቃል። 190 ዶላሩ ለዚህ ነው።

የክራንኩ (የሞተሩ ዋና ዘንግ) ብሎን 22 ሚሊሜትር ነው፤ በ245 ኒውተን ሜትር የታሰረ። አንዳንዱ መፍቻውን ፍሬሙ ላይ አስደግፎ በሞተሪኖ ምት ይፈታዋል። ይሠራል፣ እስከሚያንሸራትት ድረስ። በዚህ ሞተር ሞተሪኖው ያለው በኢንቴኩ (በአየር ማስገቢያው) ሥር፣ በሁለቱ የሲሊንደር ረድፎች መካከል ነው፤ እሱን ማበላሸት ሌላ ሙሉ ቀን ነው። የፑሊ መያዣ መሣሪያ በኪራይ ይገኛል።

ክራንኩ በእጅ ወደ ዜሮ ምልክት ተዞረ፤ የሁለቱ ካሞች (ቫልቮቹን የሚከፍቱት ዘንጎች) ምልክት ከጀርባው ሳህን ምልክት ጋር ገጠመ። ካልገጠመ ክራንኩ አንድ ሙሉ ዙር ይጨመርለታል። ከዚያ በኋላ ወደ 50 ዲግሪ ያህል አልፎ ተዞረና ቆመ። ምክንያቱ ይህ ነው፦ በዚህ ቪ8 የክራንኩ ክንዶች በ90 ዲግሪ ተራርቀው ስለሚቀመጡ፣ ክራንኩ ከዜሮው 50 ዲግሪ ገደማ ሲያልፍ አንድም ፒስተን ጫፍ ላይ አይገኝም። ቺንጋው ሲወጣ የቫልቭ ሞላዎቹ ካሞቹን ድንገት ያዞሯቸዋል፤ ፒስተኖቹ ወደታች ካልሆኑ የሚገናኙት በዚያች ቅጽበት ነው።

የድሮው ቺንጋ ወጣ። ስንጥቅ የለውም፣ ጥርሱ ሙሉ ነው፣ የተጻፈበት ፊደል እንኳ ይነበባል። «ታዲያ ለምን ተቀየረ?» ለሚል መልሱ ሮለሩ ጋ ነው። የላይኛው ሮለር በጣት ሲሽከረከር እንደ ባዶ ቆርቆሮ እየተንኳኳ ብዙ ዞረ፤ ጤነኛው ኩሽኔታ ቅባቱ ስለሚይዘው አንድ ዙር እንኳ አይሞላም። የውሃ ፓምፑ ከመተንፈሻ ቀዳዳው በታች የደረቀ ሮዝ ቅርፊት ይዟል። ቺንጋ ብቻውን እምብዛም አይበጠስም፤ የሚበጥሰው የነከሰ ሮለር ወይም የሚያፈስ ፓምፕ ነው። ቺንጋውን ብቻ ቀይሮ ሮለሮቹን መተው ገንዘብ መጣል የሚሆነው ለዚህ ነው።

የውሃ ፓምፑ ማረፊያ ገጽ በፕላስቲክ መፋቂያ ጸዳ። በብረት ከተፋቀ አልሙኒየሙ ይቧጨርና በጭረቱ በኩል ይፈሳል። አዲሱ ቺንጋ ላይ ለግራ ካም፣ ለቀኝ ካምና ለክራንክ መስመሮች ታትመዋል። መጀመሪያ ካሞቹ ምልክታቸው ላይ ቆሙ፣ ከዚያ ክራንኩ ወደ ምልክቱ መጣ፣ ቺንጋውም ውጥረቱ ከማይሠራበት ጎን ጀምሮ ተጠመጠመ።

የሃይድሮሊክ ማወጠሪያው በሞርሳ ቀጥ ብሎ፣ ቀስ ተብሎ ተጫነ፤ በፍጥነት ከተጫነ ውስጡ ያለው ላስቲክ ይቀደዳል። ቀዳዳዎቹ ሲገጣጠሙ ቀጭን ፒን ገባ፣ ማወጠሪያው ታሰረ፣ ፒኑ ተነቀለ።

ክራንኩ በእጅ፣ በመፍቻ፣ ሁለት ሙሉ ዙር ተዞረ። የሚያግድ ነገር ከተሰማ ማስገደድ የለም፤ ቫልቭ ነክቷል። እዚህ በነጻነት ዞረ። የፑሊዎቹ ምልክቶች እንደገና ገጠሙ። ቺንጋው ላይ የታተሙት መስመሮች ግን ከቦታቸው ሸሽተዋል፤ ጀማሪ ይህን አይቶ ሁሉንም እንደገና ይፈታል። ቺንጋው ከክራንኩ ዙር ጋር የማይካፈል የጥርስ ብዛት ስላለው መስመሮቹ ወዲያው አይመለሱም። የሚታመነው የፑሊ ምልክት ብቻ ነው።

በዚሁ አጋጣሚ የቫልቭ ክዳኖቹ ተነስተው ጋስኬቶቹ ተቀየሩ። አዲሶቹ ካንዴላዎች ኢሪዲየም፣ ክፍተታቸው 1.1 ሚሊሜትር ነው፤ ጫፋቸው ስስ ስለሆነ በመለኪያ ሽቦ አይነካኩም። በ18 ኒውተን ሜትር ታሰሩ። ካንዴላ የሚገዛው ከታወቀ ዕቃ መደብር ነው፤ ኢንተርኔት ላይ በግማሽ ዋጋ የሚገኘው ኢሪዲየም አብዛኛውን ጊዜ ኢሪዲየም የሚለው ካርቶኑ ብቻ ነው።

ኩላንቱ ሲሞላ ማሞቂያው እስከ መጨረሻው ተከፍቶ፣ ሞተሩ ቴርሞስታቱ እስኪከፈት ሠራ። በማግስቱ ጠዋት ሲታይ ግማሽ ሊትር ጎድሏል፤ አየሩ ወጥቶ ነው። በሦስተኛው ቀን አልጎደለም። አንድ ያልታሰበ፦ ሁለት የማሞቂያ ቱቦዎች ሲነኩ ጫፋቸው ተፈረካከሰ፣ 37 ዶላር።

212,610 ማይል፦ ብራቾዎቹ

የቀኙ ማስተካከያ ብሎን ከጎሚኒው እጅጌ ጋር በዝገት ተጣብቋል። የዝገት ዘይት ሌሊቱን አደረበት፣ እምቢ አለ። በመጋዝ ተቆረጠ። ሁለት አዳዲስ ብሎንና ዳዶ 46 ዶላር። ጨው በሚበተንበት አገር ለሚነዳ መኪና እነዚህን ከብራቾው ጋር አብሮ ማዘዝ ይገባል፤ መኪናው ተፈታትቶ እያለ ሁለት ቀን ፖስታ ከመጠበቅ ይሻላል።

ዋናው ነገር የማሰሪያው ጊዜ ነው። የጎሚኒ ብሎኖች ጎማው በአየር ላይ ተንጠልጥሎ እያለ አይጠብቁም። ብራቾው ወደታች ተንዘላዝሎ ሳለ ከታሰረ፣ መኪናው መሬት ሲወርድ ጎሚኒው ተጠምዝዞ ይኖራል፤ በጥቂት ወራት ይቀደዳል። ብሎኖቹ በእጅ ብቻ ተያዙ፣ ክሪኩ ከብራቾው ሥር ገብቶ መኪናውን ከመቆሚያው ሊያነሳው ጥቂት ሲቀረው፣ ያኔ በቶርክ መፍቻ ጠበቁ። «አዲስ ብራቾ አስገባሁ፣ በስድስት ወር አለቀ» የሚለው ቅሬታ አብዛኛው ከዚህ ይመጣል።

ጎማ ተቀየረ፣ ተስተካከለ። በ60 ማይል ፍሬን ሲያዝ መሪው ጸጥ አለ። ዲስክ አልተነካም።

የበሩ መቆለፊያ

የኋላ ግራና የሾፌሩ በር በሪሞት ሲቆለፉ ያመነታሉ። ሙሉው መሣሪያ ውድ ነው፤ የሚደክመው ግን ውስጡ ያለው የመጫወቻ መኪና ሞተር የምታክል ትንሽ ሞተር ናት፣ አንዷ 6 ዶላር። የፕላስቲክ ሳጥኑ በቢላ ተከፍቶ፣ የጥርስ ጎማዋ ከድሮዋ ወደ አዲሷ ተሸጋግሮ፣ በማጣበቂያ ተዘጋ። ለአንድ በር አንድ ሰዓት ተኩል፤ አብዛኛው ሰዓት የሚሄደው የበሩን ቆዳ ሳይሰብሩ በማውጣት ነው።

214,010 ማይል

የካምቢዮው ሁለተኛ ዘይት ገብቷል፤ የወጣው ከመጀመሪያው ፈካ ያለ። ጠቅላላ ወጪ 1,943፤ ከታሰበው በላይ የሄደው 83 ዶላር ከዕቁቡ ተነስቷል፣ እዚያ የቀረው 1,117 ነው። የግጭት ኢንሹራንሱ ተነስቶ ለሌላ ሰው ጉዳት የሚከፍለው ብቻ ቀርቷል። መኪናው በሌላ ሰው ጥፋት ቢመታ ኢንሹራንስ የሚከፍለው የገበያ ዋጋውን ስለሆነ፣ ደረሰኞቹ በሙሉ ፎቶ ተነስተው ተቀምጠዋል።

የሚሸጥበት መስመርም ተጽፏል። በ1,000 ማይል ከአንድ ኳርት በላይ ዘይት ከበላ፣ የት እንደሄደ የማይታወቅ ኩላንት ከጎደለ፣ ካምቢዮው ማርሽ ሲቀይር መንሸራተት ከጀመረ ወይም የፍሬን ቧንቧ ከበሰበሰ ጥገና አይታሰብም፤ እንዳለ ይሸጣል። ያኔ ሊብሬው ይፈረማል፣ ሰሌዳው ይነቀላል፣ ሽያጩ ለቨርጂኒያ ዲኤምቪ (የመኪና ምዝገባ ቢሮ) ይነገራል። የፌዴራሉ የኪሎሜትር ማሳወቂያ ግዴታ የ2010 እና ከዚያ በፊት የተሠሩ መኪናዎችን አይመለከትም፤ ገዢው ግን መጠየቁ ስለማይቀር ቁጥሩ በውሉ ላይ ይሰፍራል።

በ1,000 ማይል የጎደለው ዘይት ሲሶ ኳርት ነው። ቀጣዩ ንባብ 215,000 ላይ፦ ዘይት፣ ኩላንት፣ የቫልቭ ክዳኖቹ የኋላ ጥግ፣ 7ኛው ካንዴላ ይወጣና ይታያል።